«አንቱ አትበሉኝ» ያሉት አቶ እንድርያስ ሸዋንግዛው

ከቅርብም ከሩቅም መጥታችሁ ዛሬ ከጎናችን የቆማችሁ አባቶች ካህናት፣ የዕድራችን አባላት፣ ወዳጅ ዘመዶቻችን፤ የምንሸኛቸውን የአባታችንን የአቶ እንድርያስ ሸዋንግዛውን ሕይወት በአጭሩ እናነብላችኋለን። በአጭሩ ማለታችን ለወጉ ነው። ሰባ ስድስት ዓመት በአጭሩ አይነበብም።

ከመጀመራችን በፊት ግን አንድ ነገር እንድታውቁልን እንፈልጋለን። አባታችን በእጃቸው ጽፈው ከዳዊታቸው ውስጥ ያስቀመጡት ወረቀት አለ። «የሕይወት ታሪኬ ሲነበብ አንቱ አትበሉኝ። ተወለደ፣ ሠራ፣ ሞተ በሉኝ» ይላል። ይህን ስናነብ ታላቅ ወንድማቸው አቶ በዛብህ ከተቀመጡበት ተነሥተው «ወንድሜ የመንገድ ውሻ ነው፣ ሞተ የሚባለው?» አሉ። እናታችን አለቀሱ። ሁለት ቀን ሙሉ ድንኳን ውስጥ ስንከራከር ሰንብተናል፤ ለቀስተኛ ሊያጽናናን ገብቶ ጭቅጭቅ ሰምቶ የወጣበት ጊዜም ነበር። የሟች ቃል ይከበር ወይስ የሟች ክብር? አባታችን ይህን ለምን እንደ ጠየቁ ካልተነገረ ደግሞ ሕይወታቸው አልተነገረም። ስለዚህ ከመጀመሪያው እንጀምር።

አቶ እንድርያስ ከአባታቸው ከአቶ ሸዋንግዛው ወልደ ሰማዕት እና ከእናታቸው ከወ/ሮ የሺሃረግ ደስታ በኅዳር ወር 1934 ዓ.ም. በሚዛን ተፈሪ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ከመርሐ ቤቴ ተነሥተው በበቅሎ ጨውና ጨርቅ ጭነው የመጡ ሲራራ ነጋዴ ነበሩ። ለአንድ በጋ ብለው መጥተው አርባ ዓመት ቆዩ። እናታቸው ወ/ሮ የሺሃረግ ደግሞ በደግነታቸውም በእጃቸው ፍጥነትም የሚታወቁ ሴት ነበሩ።

የዚህን እጅ ፍጥነት አቶ እንድርያስ በሰባት ዓመታቸው ቀምሰዋል። እንጨት ተሸክመው ወደ ግቢው የገቡትን አንድ የቤንች ሽማግሌ «አንተ፣ እዚያ አውርደው» ብለው ቢያዙ፣ እናታቸው በጥፊ አጮሏቸውና «ሽበት ዘር የለውም» አሏቸው። በዚያ ዘመን የከተማው ሰው የአገሬውን ሽማግሌ አንተ ማለት ልማዱ ነበር። ዛሬም ጨርሶ የጠፋ ልማድ አይደለም። አቶ እንድርያስ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ጸጉሩ የሸበተውን ሁሉ፣ ማንም ይሁን ማን፣ አንቱ ሲሉ ኖሩ።

ለትምህርት ሲደርሱ በቤተ ክርስቲያን ፊደል ቆጠሩ፣ ዳዊት ደገሙ፤ ከዚያም በከተማው ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። ከዚያ በኋላ የአባታቸውን በቅሎዎች እየነዱ ሸኮን፣ ቴፒን፣ ጌጫንና ማሻን አዳረሱ። ቋንቋ የተማሩት በዚሁ መንገድ ነው። ቤንችኛን እንደ ውሃ ጠጡት፤ ሸኮኛንም ቻሉ። ካፊ ኖኖን፣ የካፋን ቋንቋ፣ ሲናገሩ ግን ገበያተኛው ይስቅባቸው እንደ ነበር ራሳቸውም አይደብቁም።

በ1966 ዓ.ም. ከወ/ሮ ማናልሞሽ አየለ ጋር በማሻ ከተማ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ጋብቻቸውን ፈጸሙ። ረድኤትን በ1968፣ ቴዎድሮስን በ1972፣ ሳባን በ1978 ዓ.ም. አፈሩ። እናታችን ባላቸውን ሲያሞግሱ «ባለቤቴ በአራት ቋንቋ ይናገራሉ፤ በአራቱም ግን አጠፋሁ አይሉም» ይሉ ነበር። ቤቱ ሁሉ ይስቅ ነበር።

ከ1970 እስከ 1984 ዓ.ም. በቴፒ አካባቢ በቡና እርሻ በካቦነት ሠሩ። ለቃሚዎቹን በየቋንቋቸው ስለሚያዋዟቸው በዝናብም ቢሆን ከሳቸው ምድብ ሰው አይቀርም ነበር ይባላል። የመንግሥት ለውጡን ተከትሎ ሠራተኛ ሲቀነስ ወደ ሚዛን ተመለሱ። ሁለት ዓመት ያለ ሥራ ተቀምጠው በ1986 ዓ.ም. በፍርድ ቤት አስተርጓሚነት ተቀጠሩ። አማርኛ የማያውቅ ሰው በገዛ ቋንቋው ይሰማ በተባለበት ጊዜ ለዚህ ሥራ ከአባታችን የተሻለ ሰው አልነበረም፤ ይህንንም ከማንም በፊት የሚያውቁት ራሳቸው ነበሩ። ሸሚዛቸውን ራሳቸው እየተኮሱ፣ ጫማቸውን ለማንም ሳይሰጡ ራሳቸው እየወለወሉ ይወጡ ነበር። በአስተርጓሚነት ያሳለፏቸው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የሕይወታቸው ምርጥ ጊዜ ነበሩ።

በ1988 ዓ.ም. በጥር ወር፣ የቡና ለቀማው ሊጠናቀቅ ሲል፣ ከከተማው ወጣ ባለ አንድ ቀበሌ በማሳ ድንበር የተነሣ ጠብ የሰው ሕይወት አጠፋ። አቶ ታፈሰ የተባሉ የቤንች ሽማግሌ ጎረቤታቸውን በገጀራ መቱ፤ ሰውየው ሞተ። አቶ ታፈሰ «እኔ ነኝ» ብለው እጃቸውን ሰጡ። ሆኖም ጥፋቱን ብቻቸውን የተሸከሙት ልጆቻቸውን ለማዳን ነው ተብሎ ስለ ተጠረጠረ፣ ሁለቱ ወንዶች ልጆቻቸው ማቴዎስና ያዕቆብም አብረው ተከሰሱ።

ነገሩን በዓይኑ ያየ አንድ ምስክር ብቻ ነበር። እሱም አማርኛ አያውቅም። በቤንችኛ የተናገረው ስለ አንድ ሰው፣ ስለ አቶ ታፈሰ፣ ነበር፤ ልጆቹን አላያቸውም። አቶ እንድርያስም እንዲህ ብለው ተረጎሙት፦ «ገጀራ ይዘው ከላይ ወረዱ፤ መቱት፤ ተመልሰው ሄዱ።»

የአማርኛችን ጉድ እዚህ ላይ ነው። «ወረዱ» ብንል አንቱ ለሚባል አንድ ሰው ይሆናል፤ ለሦስት ሰዎችም ይሆናል። አቶ እንድርያስ ሽማግሌውን ማክበራቸው ነበር። የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ግን በዚያ አዳራሽ ከገጠር የመጣ የአገሬው ሽማግሌ አንቱ ሲባል ሰምቶ አያውቅም። ስለዚህ «ወረዱ» ሲባል ሦስት ሰዎች ሲወርዱ ታዩት። በመዝገቡ ላይ «ሦስቱም ተከሳሾች ገጀራ ይዘው ወርደው መቱት» ብሎ አሰፈረ። ምስክሩን የሰሙት ዳኛ ሌላ ቦታ ተዛወሩ፤ የተተኩት ዳኛ መዝገቡን አንብበው ፈረዱ። በአባትየው አሥራ አምስት ዓመት፣ በልጆቹ ስምንት ስምንት ዓመት ተፈረደባቸው።

እስከዚህ ድረስ አቶ እንድርያስ ምንም አያውቁም ነበር። እስከዚህ ድረስ ቢሆን ኖሮ ይህን ታሪክ ባልጻፍነው።

በኅዳር 1989 ዓ.ም. የልጆቹ እናት ወ/ሮ በየነች የፍርዱን ግልባጭ በፌስታል ጠቅልለው ቤታችን ድረስ መጡ። ማንበብ አይችሉም፤ ልጆቻቸው ምን አደረጉ ተብለው እንደ ታሰሩ በቋንቋቸው እንዲነገራቸው ፈልገው ነው። አባታችን በረንዳው ላይ ተቀምጠው እያነበቡ ሲተረጉሙላቸው፣ «ሦስቱም ተከሳሾች» ከሚለው ላይ ሲደርሱ ቀጥ አሉ። ወዲያው ገባቸው። ሆኖም ይግባኝ እንዲሉ ብቻ መክረዋቸው ወረቀቱን አጥፈው መለሱላቸው። ሴትዮዋ አመስግነዋቸው ሄዱ።

አቶ እንድርያስ ለአሥራ አንድ ወራት ዝም አሉ።

ይህን መጻፍ ለቤተሰቡ ከባድ ነው፤ የዝምታው ምክንያት እኛ ነንና። ተናግረው ሥራቸውን ቢያጡ፣ ምናልባትም በሐሰት ተርጉመሃል ተብለው ቢከሰሱ፣ ሦስት ልጆች ሜዳ ላይ ይቀሩ ነበር። ታላቋ ልጃቸው ረድኤት፣ ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀችው፣ በዚያ ዓመት መምህራን ማሠልጠኛ ነበረች። ደብተሯም ጫማዋም ከዚያ ደመወዝ የተገዛ ነው። ኩራትም ነበረበት፤ ከሚዛን እስከ ማሻ እንደ እሱ የሚተረጉም የለም የተባለ ሰው አንድን ሰው ሦስት አደረገ ሊባል ነው። አባታችን በእነዚያ ወራት ቅዳሴ ሳያስቀድሱ ከደጀ ሰላም ይመለሱ ጀመር። ምግብ አልበላ አላቸው። እናታችን ጨጓራ መስሏቸው በየጠዋቱ ተልባ ያጠጧቸው ነበር።

በጥቅምት 1990 ዓ.ም. ያዕቆብ ታፈሰ በእስር ላይ እንዳለ በወባ ሞተ። ወሬው በተሰማ በሦስተኛው ቀን አቶ እንድርያስ ሸሚዛቸውን ተኩሰው ወደ ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ለመተርጎም ግን አልነበረም። ዳኛው ፊት ቆመው «ያን ቀን የተረጎምኩት ስለ አንድ ሰው ነበር። አንቱ ብዬ ነው። ስሕተቱን ካወቅሁት አሥራ አንድ ወር ሆኖኛል» አሉ። ያቺን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ባይጨምሩ ኖሮ ሥራቸው ባልተነካ ነበር የሚሉ አሉ። ጨመሩ፤ ተሰናበቱም። ምስክሩ በሌላ አስተርጓሚ እንደገና ተሰማ፤ ማቴዎስ በሚያዝያ ወር ከእስር ወጣ። አባትየው ጥፋታቸው የራሳቸው ነበርና እስራታቸውን ቀጠሉ።

በግንቦት ወር አቶ እንድርያስ ለይቅርታ ሽማግሌ ላኩ። ከከተማም ከአገሬውም ሽማግሌዎች ተቀላቅለው በእነ ወ/ሮ በየነች ግቢ ተቀመጡ። የከተማዎቹ ቤንችኛ አያውቁም፤ ሊያስተረጉም የተጠራው ሰው ደግሞ ሳይመጣ ቀረ። ወ/ሮ በየነች በአባታችን ላይ የሚናገሩትን የሚተረጉም ሰው ጠፍቶ፣ አባታችን ራሳቸው ተረጎሙት።

ወ/ሮ በየነች ያሉት ይህ ነው፦ «ስለ ቃሉ አልከስህም። አክብረኸን ነው የተሳሳትከው። ሌሎቹም እንዳንተ ቢያከብሩን ኖሮ ስሕተቱ ባልተፈጠረ። ግን ወረቀቱን ይዤ ቤትህ መጣሁ። አነበብከው። ያኔ ልጄ ነበረ። አውቀህ ዝም አልክ። ልጄን የበላው ወባ ብቻ አይደለም።» አቶ እንድርያስ አንድም ቃል ሳያለዝቡ ተራ በተራ በአማርኛ መለሱት። «አውቀህ ዝም አልክ» ሲሉ ወደ ራሳቸው ደረት እያመለከቱ ነበር። ከከተማው ሽማግሌዎች አንዱ አዝነው «የመጨረሻዋን እንኳ ተዋት፣ እንድርያስ» ቢሏቸው፣ «የተባለው ይህ ነው» ብለው ደገሟት። በዚያ ቀን ዕርቅ አልወረደም። በሌላ ቀንም አልወረደም።

ከዚያ በኋላ ለአሥራ ስምንት ዓመታት የኖሩት ማመልከቻ በመጻፍ ነው። ከፍርድ ቤቱ አጥር ውጭ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ጠረጴዛቸውን ዘርግተው ባለጉዳይ በሚናገረው ቋንቋ ሰምተው በአማርኛ ይጽፉለት ነበር። ባለጉዳዩ «መጡብኝ፣ ወሰዱብኝ» ሲል ብዕራቸውን አቁመው «ስንት ሰው?» ይላሉ። ሳይመለስላቸው አይቀጥሉም። ከተማው «ጋሽ ስንት ሰው» የሚል ስም አወጣላቸው። በዚያች ጥያቄ ምክንያት ከመታሰር የተረፈ ሰው እንዳለ እናውቃለን፤ እሳቸው ግን ይህ ሲነሣ ወሬ ያስቀይሩ ነበር።

በቤታችንም አንቱታ ተከለከለ። ከዚያን ዓመት ጀምሮ ልጆቻቸው አንተ እንዲሏቸው አዘዙ። ቴዎድሮስ አፉ አልታዘዝለት ብሎ ለሳምንታት አባቱን ምንም ሳይጠራ በእጁ ልብሳቸውን እየጎተተ ኖሯል። ጎረቤቱ «የእንድርያስ ልጆች ስድ ናቸው» አለን። እናታችን ግን «እኔ ያገባሁት አንቱ ብዬ ነው፤ በስተርጅና አዲስ ባል አላገባም» ብለው እስከ መጨረሻው አንቱ አሏቸው። በሳቸው ላይ ትእዛዛቸው ሠርቶ አያውቅም።

አቶ እንድርያስ አመስጋኝ ሰው ነበሩ፤ ይህን ሳንናገር ብናልፍ በደል ነው። ረድኤት መምህርት ሆነች፤ ቴዎድሮስ በቴፒ ነርስ፣ ሳባ በማሻ የግብርና ባለሙያ ሆኑ። በሸኮ መንገድ ያለችው ትንሽ የቡና ማሳቸው ፍሬዋ ሲቀላ ወስደውን እያንዳንዱን እግር እየነካኩ ያሳዩን ነበር። በየማለዳው ደጅ ወጥተው ፈጣሪን ያመሰግናሉ፤ ስለ ሚስታቸው፣ ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ዝናቡ። ከዚያ ቆም ብለው «ያልቆጠርክብኝን ደግሞ አንተ ታውቃለህ» ይሉ ነበር። በደስታችን ቀን ሁሉ፣ በምርቃትም በሠርግም፣ አንድ ሰዓት ያህል ከመካከላችን ይጠፉ ነበር። ሊያመልጡን አልነበረም። ደስታው ሲበዛባቸው ይከብዳቸው ነበር።

ወ/ሮ በየነች በ2004 ዓ.ም. ሲያርፉ ቀብራቸው ላይ ተገኝተው ከመቃብሩ ቦታ አጥር ውጭ ቆመው ሸኟቸው። ማቴዎስ ወደ ቤታችን መጥቶ አያውቅም። ገበያ ላይ ሲገናኙ ግን «ደህና ነህ» ይላቸው ነበር፤ ከዚያ አያልፍም። አባታችን ያቺን «ነህ» ይወዷት ነበር። ለምን እንደ ሆነ ጠይቀናቸው «አንድ ሰው አድርጎ ነዋ የሚያየኝ» ብለውናል።

በ2009 ዓ.ም. መግቢያ ኩላሊታቸውን ታመሙ። ሐኪም ቤት ተመላልሰው ታከሙ፤ እኛም የቻልነውን አደረግን። ያን ወረቀት የጻፉት በጳጉሜን ነው፤ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ስለ ነበር ፊደሉ ትልልቅ ነው። ከላይ ካነበብነው በታች አንድ ልመና ጨምረውበታል፤ እሱም በመጨረሻ ይነበባል።

ክርክራችንን የጨረሱት አቶ በዛብህ ናቸው። ትናንት ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ ውስጥ ወረቀቱን እንደገና አስነብበው፣ «በሕይወቱ ሳለ የእኔ ወንድም ነበር፤ አንቱ ብላችሁ ጻፉት። ሞቱ ግን የራሱ ነው፤ እንደ ወደደ ይነበብለት» አሉ። እናታችን ራሳቸውን ነቅንቀው ተስማሙ። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን ስትሰሙ አንባቢው የተሳሳተ አይምሰላችሁ።

እንድርያስ ሸዋንግዛው ጥር 14 ቀን 2010 ዓ.ም. ጠዋት በቤቱ ሞተ። የሰባ ስድስት ዓመት ሰው ነበር። ባለቤቱን ማናልሞሽን፣ ሦስት ልጆቹን፣ አምስት የልጅ ልጆቹንና ወንድሙን በዛብህን ትቶ ሄዷል። አውቆ ያጠፋው ጥፋት ነበረው፤ ከነጥፋቱ አባታችን ነበር፤ እንወደዋለን፤ እናመሰግነዋለን። ለማቴዎስ ታፈሰ መርዶ ልከናል። ይምጣ አይምጣ የእሱ ፈንታ ነው፤ ይቅር እንዲለንም እዚህ ሕዝብ ፊት አናስገድደውም።

የወረቀቱ የመጨረሻ ልመና ይህ ነው፦ «ያ ልጅ ሲቀበር የሕይወት ታሪክ አልተነበበለትም። በእኔ ቀብር ላይ አንብቡለት።» አፈላልገን ያገኘነው ጥቂት ነው፤ እናነባለን።

ያዕቆብ ታፈሰ ከአባቱ ከአቶ ታፈሰና ከእናቱ ከወ/ሮ በየነች በ1968 ዓ.ም. ተወለደ። ረድኤት በተወለደችበት ዓመት ማለት ነው። እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማረ። ቡና ይለቅም፣ ቀፎ ይሰቅል ነበር። ጠቡ በተነሣበት ሰዓት ሸኮ ገበያ ነበር። በጥቅምት 1990 ዓ.ም. በእስር ላይ ሳለ በወባ ሞተ። የሃያ ሁለት ዓመት ሰው ነበር። ሚስት አላገባም፤ ልጅ አልወለደም። አንድ ወንድም አለው።

እግዚአብሔር የያዕቆብን ነፍስ ይማር። የእንድርያስንም ይማር።